አለቃው ስንተኛ ፎቅ ይቀመጥ?

ከበሩ አጠገብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ለ31 ዓመት በኃላፊ ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው።)

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። በከተማው ዳር በሚገኝ አንድ ወረዳ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ። እስካሁን ግማሾቻችን በኪራይ ቤት፣ ግማሾቻችን በቆርቆሮ ክፍል ተበታትነን ስንሠራ ቆይተናል። አሁን ባለ አራት ፎቅ አዲስ ሕንፃ ልንገባ ነው። የዋና ሥራ አስፈጻሚያችን ቢሮ የት ይሁን የሚለው ግን አላስማማንም። ሦስት ሐሳብ አለ። የመጀመሪያው አራተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ያለው ሰፊ ክፍል ነው። መታጠቢያ ቤትና ማረፊያ አለው፤ የረር ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ምድር ቤት፣ ከአገልግሎት መስኮቶቹ አጠገብ ነው፤ “ለሕዝብ ቅርብ ይሁኑ” ተብሎ። ሦስተኛው አንደኛ ፎቅ ላይ ከደረጃው ፊት ለፊት ያለች ጠበብ ያለች ክፍል ናት፤ እሷን ማንም አልፈለጋትም። አንዳንዱ ደግሞ “የሚሠራው ሰው ነው እንጂ ክፍል አይደለም፤ ምን ያጨቃጭቃችኋል?” ይለናል። ለመሆኑ የቢሮ አቀማመጥ የመሪን ሥራ ይለውጣል? በትልልቆቹ አገሮችስ እንዴት ነው?
የወረዳው ሰው፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ብልህ አትቀየመኝ። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነህ።

“የሚሠራው ሰው ነው እንጂ ክፍል አይደለም” ባዩን አውቀዋለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። እኔም ሥራ ስጀምር እንደሱ ነበር የማስበው። ከዚያ አንድ አለቃዬ ፎቅ ቀየሩ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። አለቃዬ አንደኛ ፎቅ ነበር የሚቀመጡት። ከእኔ ጠረጴዛ እስከ እሳቸው ወንበር 11 እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ የሚመላለሱበትን መንገድ ሳይቆጥሩ መቅረት አይቻልም። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሂሳብ፣ ግዢ፣ ዕቅድና መዝገብ ቤት አሉ። (ኮሪደር ስል የቢሮውን ማለቴ ነው፤ ዘንድሮ ኮሪደር ሲባል ሰው ሁሉ ቤቱን ነው የሚያስበው።) አለቃዬ ጠዋት ሲገቡ በእነዚህ ሁሉ በሮች ያልፋሉ። የግዢው ኃላፊ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ብቅ ይላል። “ጌታዬ፣ ያ ጨረታ እኮ አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነው የቀረበው” ይላል። ቆመው ያወራሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። “በል እንደገና አውጣው” ይሉታል። አለቀ። ደብዳቤ የለ፣ ቀጠሮ የለ።

ከዚያ አዲስ ሕንፃ ገባን። ለአለቃዬ ስምንተኛ ፎቅ ተሰጣቸው። ምንጣፉ እግር ይውጣል። ከእኔ ጠረጴዛ እስከ ወንበራቸው ቆጠርኩ፤ 27 እርምጃ። ሂሳብ ሁለተኛ ፎቅ ቀረ፣ ግዢ ሦስተኛ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ወረደ። ሊፍቱ እንደልቡ ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ያኮርፋል።

በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየደብዳቤው ጥግ ላይ “አነጋግሩኝ” የሚል ምሪት በዛ። ድሮ በሻይ ብርጭቆ የሚያልቀው ነገር አሁን “አነጋግሩኝ” ተጽፎበት ይወርዳል። የግዢው ኃላፊ ሊያነጋግር ይወጣል። ሊፍቱ ቆሟል። ላብ በላብ ሆኖ ስምንተኛ ፎቅ ይደርሳል። “ስብሰባ ላይ ናቸው” እለዋለሁ። ግንባሩን በመሐረብ ጠርጎ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ እንደዚህ ከሆነ በኋላ አይመጣም። ፋይሉ መሳቢያ ይገባል። አለቃዬ ያው አለቃዬ ናቸው። ትጋታቸውም ያው ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከእኔ በፊት ይገባሉ። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያውቁት ከሁሉም መጨረሻ ሆነ። አንዳንዴ ከሬዲዮ ነበር የሚሰሙት።

ለካ ይሄን ነገር በሜትር የለካ ሰው ኖሯል። ቶማስ አለን የሚባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ናቸው። ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነበር የሚያስተምሩት። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት መሐንዲሶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚነጋገሩ ከጠረጴዛቸው ርቀት ጋር አስተያዩት። ርቀቱ ሲጨምር ንግግሩ ያሽቆለቁላል። 50 ሜትር ገደማ ሲደርስ ከናካቴው ጠፋ ማለት ይቻላል። 50 ሜትር ምን አላት? ከእኔ ብሎክ እስከ ዳቦ ቤቱ አይሞላም። ፎቅ ሲለያይ ደግሞ ይብሳል። መሐንዲሶች፣ ያውም ሥራቸው የሚገናኝ፣ 50 ሜትር ካቃታቸው ያንተ የመሬት ባለሙያ አራት ፎቅ ወጥቶ መጥፎ ዜና የሚያደርስ ይመስልሃል?

ይሄ ደግሞ ለእኛ አገር አዲስ ወሬ አይደለም። ጎንደር ሄደህ ከሆነ የፋሲል ግቢን አጥር አይተሃል። 12 በር አለው። እያንዳንዱ በር ስም አለው፤ ወምበር በር፣ እልፍኝ በር፣ ባልደራስ በር፣ እንቢልታ በር እያለ ይቀጥላል። ወምበር ማለት ዳኛ ነው። ባልደራሱ የፈረሰኛው አዛዥ ነው። የበሩ ስም ብቻ ማን በየት በኩል ወደ ንጉሡ እንደሚጠጋ ይነግርሃል። ዛሬ “ኦርጋኖግራም” እያልን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈውን የመሥሪያ ቤት መዋቅር እነሱ በድንጋይ ገንብተውታል። ከዚያም “እልፍኝ አስከልካይ” የሚባል ሹመት ነበር። ሹመት ነው እንግዲህ፣ የዘበኛ ሥራ አይደለም። ማን እንደሚገባ፣ ማን ደጅ እንደሚጠና የሚወሰነው እሱ ጋ ነው። እኔም 31 ዓመት የሠራሁት እልፍኝ አስከልካይነት ነው። ልዩነቱ ርስት አለማግኘቴ ብቻ ነው።

አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት የልጅ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። የምኒልክን እንቁላል ቤት አሳየኋቸው። የጸሎት ቤታቸው ነው፤ ከላዩ ማማ አለው። ምኒልክ እዚያ ላይ ሆነው በመነጽር ከተማውን ይቃኙ ነበር። ትንሹ “እማማ፣ ንጉሡ ሲሲቲቪ ነበራቸው?” አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ልክ ነው። ከፍታ ለማየት ይጠቅማል። ነገር ግን ምኒልክ ማማ ብቻ ሠርተው አልተቀመጡም። እዚያው ግቢ ውስጥ ትልቁን የግብር አዳራሽም አሠርተዋል። መኳንንቱም ወታደሩም በሺህ የሚገባበት፣ በልቶ ጠጥቶ ሆዱ ያለውን የሚያወራበት። ለማየት ማማ፣ ለመስማት አዳራሽ። ያንተ አራተኛ ፎቅ የረርን ያሳያል፤ ሰው ግን አያሰማም።

ጃንሆይንም ውሰድ። ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው መኖሪያቸውን ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አደረጉ። ሥራቸው ግን ምኒልክ ግቢ ነበር። በመካከል ያለውን መንገድ በመኪና ይመላለሱበታል። አቤት ባይ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ወረቀቱን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ትልልቆቹን ጠይቅ፤ ጃንሆይ መኪና አስቁመው አቤቱታ ሲቀበሉ ያዩ ዛሬም አሉ። አየህ፣ እልፍኙ ሲዘጋ ሰው መንገዱን ኮሪደር ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሰፊው ክፍል። ሰፊ ቢሮ መሪን ያስከብራል ለምትሉ አንድ ታሪክ አለኝ። ሙሶሊኒ ሮም ውስጥ ፓላዞ ቬኔዚያ በሚባል አሮጌ ሕንፃ ነበር የሚሠራው። ቢሮው ክፍል አይባልም፤ አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 18 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠረጴዛው ከበሩ በወዲያኛው ጫፍ ነው። እንግዳ ሲገባ ያን ሁሉ ወለል፣ ጫማው እየተሰማ፣ ቀና ብሎ ማየት እያቃተው ይሻገራል። ሆን ተብሎ ነው። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የእኔ ግዛት ሆነች ብሎ ያወጀው ከዚያው ሕንፃ ሰገነት ላይ ነው። በአርበኞች ስለተያዘው ጫካና ገደል ያን ወለል ተሻግሮ በድፍረት የሚነግረው ስንት ሰው ነበር? አምስት ዓመት አልቆየም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። ወዳጁ ሂትለርማ ባሰ። እ.ኤ.አ. በ1939 በርሊን ውስጥ የተመረቀለት ጽሕፈት ቤት ወደ ቢሮው የሚወስደው አንዱ መተላለፊያ ብቻ 146 ሜትር ነበር። የፕሮፌሰር አለንን ሃምሳ ሜትር አስብና ሦስት አድርገው ማለት ነው። ያን ያህል ተጉዞ የደረሰ ሰው የተጨመቀ ሎሚ ሆኖ ነው የሚደርሰው። እንኳን መጥፎ ወሬ ደህናውንም ይረሳዋል።

ስለ ትልልቆቹ አገሮች ጠይቀኸኝ የለ? የአሜሪካኖቹን ዋይት ሐውስ እይ። ፊልም ላይ የምታያት ሞላላ ቢሮ ርዝመቷ 11 ሜትር፣ ወርዷ 9 ሜትር አይሞላም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማለት ነው እንግዲህ። እኛ ዘንድ ከዚህ የሚሰፋ የመምሪያ ኃላፊ ቢሮ አጽድቼ አውቃለሁ። ሞላላዋን ትልቅ ያደረጋት አቀማመጧ ነው። አራት በር አላት። አንዱ ወደ አትክልቱ ቦታ ያወጣል። አንዱ ወደ ጸሐፊዋ ክፍል ነው፤ ይሄኛው በር ደስ ይለኛል። አንዱ ወደ ኮሪደር፣ አንዱ ወደ ትንሽ የግል ክፍል። የምዕራብ ክንፍ የሚባለው ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1902 በቴዎዶር ሩዝቬልት ጊዜ ነው። ሞላላው ቢሮ በ1909 ታፍት አሠሩት፣ ያኔ ከሕንፃው መሐል ላይ ነበር። በ1934 ፍራንክሊን ሩዝቬልት አሁን ወዳለበት ጥግ አዛወሩት። እሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚንቀሳቀሱት። አዲሱ ጥግ ለመኖሪያ ቤታቸው ይቀርባል። ማንም ሳያያቸው፣ ደረጃ ሳያስቸግራቸው፣ ማታ ተመልሰው መሥራት ይችላሉ። የአንድ ክፍል መዛወር ለአንድ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚጨምርለት አስበው።

የዚያ ሕንፃ ሌሎቹ ክፍሎች ጠባብ ናቸው። ጎኑ ደግሞ ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ጣሪያው ሩቅ፣ ክፍሉ ሰፊ፣ ሁሉ ነገር የተሟላ። ታዲያ የፕሬዚዳንቱ ረዳቶች የሚሻሙት በየትኛው ይመስልሃል? በጠባቡ። ምክትል ፕሬዚዳንቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሥራቸው በዚያ በሰፊው ሕንፃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ካርተር ለምክትላቸው ለሞንዴል በጠባቡ ሕንፃ ውስጥ፣ ከራሳቸው ትንሽ እርምጃ ርቆ፣ ቢሮ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ያ የምክትሎች ልማድ ሆነ። ሕግ አልተለወጠም። የተለወጠው በር ነው። ሞንዴል ግን ስብሰባ ሳይጠሩ የሚገኙ ሰው ሆኑ። ኒክሰን ደግሞ በተቃራኒው ነበሩ። ሞላላውን ትተው በዚያ በሰፊው ሕንፃ ውስጥ ሌላ መሸሸጊያ ቢሮ ይዘው ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። መጨረሻቸውን ታውቀዋለህ። ቢሮው ነው የጣላቸው አልልህም፤ ግን አለቃ መሸሸጊያ ክፍል ሲያበጅ ካየህ እኔ በ31 ዓመት ውስጥ አንድም በጎ ሲያመጣ አላየሁም።

ቅርበትም ሲበዛ መርዝ ነው። ይሄንን ደግሞ ከእንግሊዞች እይ። ዳውኒንግ ስትሪት 10 ቁጥር መሥሪያ ቤት ሆኖ አልተሠራም፤ መኖሪያ ቤት ነው። ከ1735 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ነው፤ መቶ ገደማ ክፍል አለው፤ ውስጡ ጠምዛዛ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ይሄ ነው የሚባል አንድ የተወሰነ ክፍል የለም። የመጣው ሁሉ የፈለገውን ይመርጣል። ቶኒ ብሌር ከካቢኔው ክፍል አጠገብ ያለች ትንሽ ክፍል መረጡ። ሶፋ አለ፤ ጥቂት የሚያምኗቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። “የሶፋ መንግሥት” ተባለ። ከኢራቅ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የበትለር ሪፖርት ይሄንኑ ተቸ፤ አሠራሩ ልማዳዊ ሥርዓቱን የለቀቀ በመሆኑ ካቢኔው አብሮ መክሮ የመወሰን ዕድሉ ጠቧል አለ። ቀጥለው የመጡት ጎርደን ብራውን ደግሞ በ2008 ወደ 12 ቁጥር ሄደው በአንድ ሰፊ አዳራሽ ከሠራተኞቻቸው መሐል ጠረጴዛ ዘረጉ። ከሳቸው ቀጥለው የመጡት ካሜሮን መልሰው ወደ ትንሿ ክፍል ገቡ። ሰው ግን የሚመቸውን ነው የሚያደርገው፣ ምን ታደርገዋለህ።

ከእንግሊዞች የምቀናው በአንድ ነገር ነው፤ በካቢኔ ጠረጴዛቸው። እንደ ታንኳ ነው ቅርጹ፤ መሐሉ ሰፋ፣ ጫፉ ጠበብ ይላል። ማክሚላን ናቸው ያመጡት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሐል ላይ ስለሚቀመጡ የሁሉንም ፊት ያያሉ። እኛ ዘንድ ያለውን ታውቀዋለህ። አንድ ጎሽ የሚያህል ጠረጴዛ፣ ከፊቱ ሌላ ጠረጴዛ ተቀጥሎ። አለቃው ጫፍ ላይ፣ እንደ ሙሽራ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሰው ቢተኛም አይታይ፤ ሐሳብ ቢኖረውም አይታይ። እኔ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ጎኑ ላይ ስለምቀመጥ ሁለቱንም አያለሁ። ስንት ሰው አፉን ሊከፍት ሲል መልሶ ዘግቷል መሰለህ።

የጀርመኗ ሜርክል ደግሞ ትልቁን ቢሮ አልመረጡትም፤ ተረከቡት እንጂ። በርሊን ያለው የቻንስለሩ ቢሮ ሰባተኛ ፎቅ ነው፤ 140 ካሬ ሜትር ገደማ። ግዙፍ ጠረጴዛ ነበረው። እሳቸው ግን አብዛኛውን ሥራቸውን በሩ አካባቢ ባለው የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ነበር። 16 ዓመት። ስለዚህ የወረዳችሁ አለቃ ሰፊውን ክፍል የግድ ከተሰጣቸው እንኳ መድኃኒት አለው፤ ወንበራቸውን ወደ በሩ ይጎትቱት።

አሁን ወደ ምድር ቤቱ ሐሳብ። “ለሕዝብ ቅርብ” የሚለው ሲሰሙት ያምራል። አንድ የማውቃቸው የወረዳ ኃላፊ እንደዚያ አድርገው ነበር። ከመስኮቶቹ አጠገብ፣ በሩ ክፍት። በሁለተኛው ሳምንት መታወቂያ ያለቀበትም፣ ቆሻሻ ያልተነሳለትም፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላም ቀጥ ብሎ እሳቸው ጋ ሆነ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ሥራ ፈታች። “ኃላፊው እያሉ ምን ታደርጊልኛለሽ?” ይሏታል። ኃላፊው መስኮት ቁጥር ሰባት ሆኑ። ዕቅድ የሚያዩት ማታ ነበር፤ እሱም እንቅልፍ እየታገላቸው። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ይሄ ነው።

ስለዚህ ማንም ያልፈለጋትን አንደኛ ፎቅ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዙላቸው። እኔ የምልህ እሷን ነው። ከደረጃው ፊት ለፊት መሆኗ ነው ዋናው። የወጣ የወረደ ሁሉ በበሩ ያልፋል፤ እሳቸውም ሲገቡ ሲወጡ በሰው መሐል ያልፋሉ። ከዚያ ትልቁ ነገር በዚያው ኮሪደር ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ነው። በአንተ ቦታ ብሆን ክፍሉን ትቼ በዚህ ነበር የምጨቃጨቀው። ምክትላቸው፣ ፋይናንስ፣ መሬትና ግንባታ ፈቃድ። እናንተ ዳር ላይ ናችሁ፤ ከገበሬ ይዞታ፣ ከኮንዶሚኒየም፣ ከካሳ ጋር የሚያያዝ ነገር ነው የሚበዛባችሁ። መሬቱን አራተኛ ፎቅ ሰቅላችሁ አለቃውን አንደኛ ብታስቀምጡ ጉዳዩ ሁሉ በደረጃ ላይ ያልቃል። መዝገብ ቤቱም አይራቅ። ፋይል አምጡ ሲባል ተላላኪዋ በአምስት ደቂቃ ካላደረሰችው አለቃው ያለ ፋይል ነው የሚወስኑት። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ደጋግሜ።

የሰፊው ክፍል ነገር እንዳይቆጭህ። የስብሰባ አዳራሽ አድርጉት። የረርን ሁሉም ይየው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁለተኛ በር አታስከፍቱ። ለእሳት አደጋ መውጫ የሚያስፈልገው ይኑር፤ እኔ የምለው ከቢሮው ቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወርደውን የግል ደረጃ ነው። አንድ አለቃዬ አሠርተውት ነበር። ከዚያ በኋላ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ እኔም አላውቅም። አንድ ቀን ጋቢ የለበሱ አንድ አባት በጠዋት መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። ፌስታል ውስጥ ወረቀት ይዘዋል፤ ካርታ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ ማጠፊያው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ዝም ብለው ጠበቁ። ቡና አስመጣሁላቸው። በቀኑ 9 ሰዓት ግድም ስልክ ተደወለ፤ አለቃዬ ናቸው፤ ከውጭ ነው የሚደውሉት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ወጥተው ኖሯል። ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ወረቀታቸውን ወደ ፌስታሉ መለሱና “እኔ ታዲያ ስጠብቅ የዋልኩት ወንበሩን ነው?” አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

አዛውንትና አካል ጉዳተኛ አንደኛ ፎቅ እንዴት ይወጣል የምትለኝ ከሆነ ልክ ነህ። ለሱ አለቃው ይውረዱ። በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ ሰኞና ሐሙስ በሉት፣ ምድር ቤት ተቀምጠው ባለጉዳይ ይስሙ። እንደ ድሮው ችሎት። ቀኑን በር ላይ ለጥፉት፤ ደግሞ አይሰረዝ። የቀረው ቀን መስኮቶቹ ይሥሩ።

አለቃውን እንዴት ታሳምናለህ? “ጠባቧ ትሻልዎታለች” ብለህ አትጀምር፤ ያኮርፋሉ። የሞላላውን ቢሮ ልክ ንገራቸው። ከዚያ ክፍሏን አብራችሁ ሂዱና እዩዋት። ከበሩ እስከ ፋይናንስ፣ እስከ መሬት፣ እስከ መዝገብ ቤት ስንት እርምጃ እንደሆነ አብራችሁ ቁጠሩ። አራተኛ ፎቅም ውጡና ቁጠሩ፤ ደረጃውን ጨምሮ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፍልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ጸሐፊ ነኝ። አለቃዬ “ግልጽነት” ብለው ቢሮአቸውን በመስታወት አሠሩት። አሁን ባለጉዳይ ሁሉ ከውጭ ያያቸዋል። “ስብሰባ ላይ ናቸው” ማለት አልቻልኩም። ብቻቸውን ስልካቸውን ሲነካኩ እየታዩ ምን ልበል?
የጨነቃት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ያ ዓረፍተ ነገር በመሞቱ እንኳን ደስ አለሽ። ስንቱን አስዋሽቶናል። አሁን “ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለጉዳይ ያስተናግዳሉ፤ ስምዎን ልመዝግብ” በይ። መዝግቢና ዝርዝሩን ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪ። ሰው መቼ እንደሚገባ ካወቀ መስታወቱን ትቶ ሰዓቱን ነው የሚያየው።

ለመስታወቱ ግን ብዙ አትጨነቂ። ስንት አይቻለሁ። በመጀመሪያ የዓመቱ ካላንደር ይለጠፍበታል። ቀጥሎ የራዕይና ተልዕኮ ፖስተር። ከዚያ አንድ ቀን “ፀሐዩ አስቸገረኝ” ይሉሽና መጋረጃ ይታዘዛል። ቀለሙን ምረጪ ሲሉሽ ብቻ እምቢ በይ፤ በኋላ ያስጋረደቻቸው እሷ ናት ይሉሻል።